መልስ ያጣ ስድብ

የመንገድ ሠራተኛ ልጅ ክርስትና አይነሳም ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። የገና ዕለት ጠዋት ነው፣ በ1973፤ ሚስቴ አበባ ዶሮዋን ትበልታለች፣ እኔ የቦት ጫማዬን ጭቃ በቢላ እፍቃለሁ። የቀበሌ ቤት ግድግዳ ለሚያውቀው አይነገረውም፤ ለማያውቀው ግን አንድ ረድፍ ጣውላ ነው፣ ጣውላው ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል፣ ከጋዜጣው ወዲያ ማንጠግቦሽ አለች። እሷ ስታስነጥስ እኛ ቤታችን ተቀምጠን ይማርሽ እንላለን። ወንድሟ ይግዛው እንኳን አደረሰሽ ሊላት መጥቶ ኖሮ፣ አበባ ከሳምንት በፊት ወንድምሽ ልጃችንን ክርስትና ያንሳልን ብላ የለመነቻትን ነገር ማንጠግቦሽ እያንሾካሾከች አነሳችለት። እሱ ግን ማንሾካሾክ አያውቅም። «እታለም፣ እነዚህ እኮ ዛሬ እዚህ ናቸው፣ ነገ ዛሪማ፣ ከነገ ወዲያ አዲአርቃይ። ክርስትና ልጅ ማለት ሲታመም የምትጠይቂው፣ ሲዳር የምትቆሚለት ነው። እኔ ግሬደር እየተከተልሁ አቧራ ልቃም?» አላት። ማንጠግቦሽም «እሱስ እውነትህን ነው» አለችው። አበባ ቢላዋን አላቆመችም። የዶሮዋን እግር ከጭኑ ለይታ ሳህን ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። እኛ የምንናገረውም ወዲያ ማዶ ይሰማል።

ልጁ የተወለደው ኅዳር 22 ነው። አርባው ከነገ ወዲያ ዓርብ ይሞላል። ቄሱ የክርስትና አባቱን ስም እስከ ነገ ማታ አምጡ ብለውናል፤ «ሰው ካጣችሁም አይቸግርም፣ ከዲያቆናቱ አንዱ ያነሳዋል» ብለው በደግነት ጨምረዋል። ደግነታቸውን አልጠላሁም። ነገር ግን ዲያቆን የሚያነሳው ደጀ ሰላም ላይ ተጥሎ የተገኘ ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ አልጣልኩትም። ትልቋ ልጄ በለጠች አገራችን ይርጋለም ስትወለድ ሦስት ሴቶች እኔ ላንሳ እኔ ላንሳ ብለው ተኳርፈዋል። እዚህ ደባርቅ ከመጣን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን፤ ይህን ሁሉ ጊዜ አበልጅ ብሎ የሚጠራኝ ቀርቶ በስሜ የሚጠራኝም የለ። «ግሬደር» ነው የሚሉኝ፣ በምነዳው መኪና። ውጭ አገር የሄደ ሰው ቋንቋው ጠፍቶት ነው የሚቸገረው ይላሉ፤ እኔ ግን በገዛ መንግሥቴ፣ በገዛ አማርኛዬ ነው ውጭ አገር የሆንኩት። እኔ «ጋሼ» ስል እነሱ «አያ» ይላሉ፣ ለሰላምታዬ ፈገግ ብለው እንደ ሕፃን ያርሙኛል። በለጠች እንኳ ዛሬ አነጋገሯ የነሱ ሆኗል፤ አንዳንዴ ወጥ ስጪኝ ስላት «ቆየኝ እንጅ አባየ» ትለኛለች፣ የሰው ልጅ የቀጠርኩ ይመስለኛል።

ሰው ለመልመድ አልሞከርኩም እንዳይባል፣ ሞክሬያለሁ። የመጣን ሰሞን ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው የመንገድ ሥራ ካምፕ ግቢ ውስጥ ጸሐፊዎቹና የሂሳብ ሠራተኞቹ ከሥራ በኋላ መረብ ኳስ ይጫወቱ ነበር። እኔም ቁመት አለኝ፣ ክንድ አለኝ፣ ብዬ ገባሁ። ሁለት ቀን ከመረቡ ኋላ አቆሙኝ፤ በሦስተኛው ቀን አንዱ፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ነው፣ «አንተ ወዲያ ከገደሉ አፋፍ ቁም፣ ኳሷ እንዳትወርድብን» አለኝ። ቆምኩ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ ግን የኳስ ጠባቂነትንና የተጫዋችነትን ልዩነት ለማወቅ አምስተኛ ክፍል አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ ሲጫወቱ በመስኮት አይቼ መጋረጃ እስባለሁ። ይህን ያነሳሁት ቂም ይዤ አይደለም፤ የሆነውን ልናገር ብዬ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ዶሮውን በልተን እንደጨረስን ጠይብ በሩን አንኳኳ። ጠይብ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣል፤ ለልጁ ፎጣ ከሱ ስገዛ አራት ብር ያለውን በሦስት ከሃምሳ ትቶልኛል፣ ከደባርቅ ሰው የማልጠላው ቢኖር እሱ ነው። በእጁ ሁለት የገና ዱላ ይዟል፣ ጫፋቸው የቆለመመ፣ የወይራ።

«ግሬደር፣ ታች ቤት አንድ ሰው ጎድሎናል። ና» ብሎ አንዱን ሰጠኝ።

«ሲጎድልባችሁ ነው ትዝ የምላችሁ።»

«ታዲያ ሞልተን ሳለ ምን ልናደርግህ?» ብሎ ሳቀ። ከታች ቤት፣ ማለት ከታችኛው ሰፈር፣ ተጫዋቾች ሁለቱ ሚሊሺያ ሄደዋል፣ አንዱ የት እንደሄደ አይጠየቅም። ይግዛው ነው አሉ የታች ቤት አለቃ። ስሙን ስሰማ ዱላውን መልሼ ልሰጠው ቃጣኝ።

«አንተስ እስላም ሆነህ ገና ምን ጥልቅ አደረገህ?» አልኩት።

«እኔ በዓሉን አይደለም የምመታ፣ ሩሯን ነው። ሩር ደግሞ የእንጨት ኳስ ናት፣ ሃይማኖት የላትም።»

አበባ ልጁን እያጠባች ነበር። ቀና ሳትል «ሂድ» አለችኝ። «እዚህ ቁጭ ብለህ ግድግዳ ብታዳምጥ አበልጅ አይመጣልህም።» ካፖርቴን አንስቼ ወጣሁ።

ሜዳው ከገበያው በላይ ነው። ከሰሜን ተራሮች የሚመጣው ንፋስ ፀሐይዋን አይፈራም፤ ፊትህ ይሞቃል፣ ጀርባህ ይቆረጥማል። አገሩ ሁሉ ወጥቷል፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደምለው እንኳ ስብሰባውን ለነገ አዛውሮ ከታች ቤት ወገን ቆሟል። ጠይብ እየሄድን ሕጉን ነገረኝ፤ እኛ አገር ገና ሲመታ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ግን አላውቅም። ሩሯን የሌላውን ወሰን ያሳለፈ ወገን አንድ ስድብ አለው። ከተሳዳቢው ፊት ለፊት ካለው ወገን ደስ ያለውን መርጦ በግጥም ይሰድባል። ተሰዳቢው ራሱ አይመልስም፣ ወገኑ ነው የሚመልስለት። ስድቡ ሳይመለስ ሩሯ ከመሬት አትነሳም። የተቆጣ ደግሞ ሰው አይባልም፤ በገና ጌታ ቢሰደብ አይቆጣም፣ ሎሌም አይቀጣም። «ጌታ ቀርቷል ሲሉን ደንግጠን ነበር» አለኝ ጠይብ፣ «በኋላ ሊቀመንበር አመጡልን።»

የላይ ቤት ምላስ ክንዴ ነው፣ ኮርቻ ሰፊው። አጭር፣ አንድ ጥርሱ የወለቀ፣ ሰው ሲሰድብ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። እኛ ሳንሞቅ አገቡብን፤ ክንዴ ዱላውን ተደግፎ ወደ ደምለው ዞረ።

«ስኳሩን ሲያድል በማንኪያ ለክቶ፣
የሱ ሆድ ወፈረ ከየት አምጥቶ።»

ሁሉም ደምለውን አየ። ከካፖርቱ ሥር ያበጠው ሽጉጥ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቀስ ብሎ በአፉ ብቻ ሳቀ፤ ያን ጊዜ አገሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከኛ ወገን ይግዛው ወዲያው መለሰለት።

«የላይ ቤት ምላስ ረዝሞ ረዝሞ፣
ስኳሩን ላሰው ከማንኪያው ቀድሞ።»

ሁለተኛ አገቡብን፤ ክንዴ ይግዛውን ያዘ። «አያ ይግዛው ጠላ ጠምቆ ለበዓል፣ እንግዳ ሲመጣ ታመምሁ ይላል።» እውነት ለመናገር ይኼኛው ስድብ ጉሮሮዬን እንደ ማር ነው ያለፈው። ሦስት ሰው ተሻምቶ መለሰለት። ከዚያ ለጠይብ ደረሰው፣ «ጠይብ ሱቁን ዘግቶ ገና ሲጫወት፣ ሚስቱ ሸጠችለት ጨርቁን ከነቤት» ተባለ፣ ለሱም ተመለሰለት፤ ጠይብ ራሱ ከሁሉ በላይ እየሳቀ ዓይኑን በእጁ ጠረገ። አራተኛዋ ሩር ያለፈችብን በኔ በኩል ነው። በእግሬ መሀል ሄደች፣ ሕፃን የማይስተውን ነው የሳትኩት። አሁን ለኔ ደረሰኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ፣ ላቤ ቀዘቀዘ፣ ስለ ግሬደር ይሆናል፣ ስለ እግሬ ይሆናል እያልኩ ጠበቅኩ። ክንዴ ዓይኑን ጨፍኖ ወደኔ ዞረ፤ ከዚያ ገለጠው። «አንተ እንግዳችን ነህ፣ ወንድሜ። ደህና ተጫውተሃል» አለኝና ሌላ ሰው ሰደበ።

ተሰድቤ አውቃለሁ፤ በአለቃ፣ በጸሐፊ፣ በሾፌር፣ በወታደር ተሰድቤያለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ሳልሰደብ ቀርቼ ያንን ያህል አንገቴን አልደፋሁም። እረፍት ላይ ጠይብን ወደ ጎን ሳብኩት።

«እኔን ምነው ዘለለኝ?»

«እና መሰደብ አማረህ?»

«ሊቀመንበሩን የሰደበ እኔን ፈራ?»

ጠይብ መሬቱን በዱላው ጫረ። «ፈርቶ አይደለም። አንተን ቢሰድቡህ ማን ይመልስልሃል? የሚመልስ የሌለውን መስደብ ነውር ነው፣ ድሃ አደግ እንደመምታት ነው። የሚመልስልህ ሰው የወሰደህ ነው፣ ገባህ? ‹የኔ ነው› ማለት ነው።» ወደኔ ሳያይ ጨመረ፤ «የዓርቡን ነገር ሰምቻለሁ። ወላሂ ክርስትና ማንሳት ቢፈቀድልኝ አነሳልህ ነበር።» ይህን ያለኝን ሰው ላቅፈው ይገባ ነበር፤ እኔ ግን በልቤ ያልኩት፣ እሱም ሰምቷል፣ እንግዲያው አገሩ ሁሉ ሰምቷል ነው።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተጫወትኩ አላውቅም። ዱላዬን እንደ ዶማ ነው ያነሳሁት። ሩሯን ከይግዛው እግር ሥር ነጠቅኳት፣ የወገኔን ሰው፣ እስከ ላይ ቤት ወሰን እየገፋሁ ብቻዬን አሳለፍኳት። ታች ቤት ጮኸ። ስድቡ የአለቃው ነበር፣ ይግዛው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እኔ ግን ወደ ፊት ወጣሁና በይርጋለም አማርኛዬ እንዲህ አልኩ፤

«ኮርቻ ሰፊው ክንዴ በቅሎ ሳይኖረው፣
ምላሱን ጭኖ ነው አገር የሚዞረው።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ድንጋዩ ላይ ሆነው «ውይ፣ ገደለው» አሉ፣ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ክንዴ ራሱ ድዱ እስኪታይ ሳቀ። ከላይ ቤት አምስት ሰው ባንድ ጊዜ መለሰለት፣ ማንን እንደምሰማ ጠፋኝ። ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ያላገኘሁትን ደስታ አገኘሁ። ሰው በትከሻዬ ላይ እጁን አሳረፈ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ዞሬ አላየሁም። አሁን ገባሁ፣ አልኩ፤ በር አንኳኩቶ መግባት እንደዚህ ኖሯል አልኩ። ቀጥሎ ላይ ቤት ሲያገባ እኔን እንደሚሰድቡ አውቄአለሁ፣ ጓጉቼ ነው የጠበቅኩት። አገቡም። ክንዴ መጣ፣ ዱላውን ተደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ያገሩን ድንጋይ ሲያነሳ ሲጥል ውሎ፣
ልጁን የሚያነሳ አጣ የኔ ብሎ።»

እዚህ ላይ የሳቀ አንድም ሰው የለም። ክንዴ ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ተለውጧል፤ ግጥሙ ከአፉ ቀድሞት የወጣ ይመስል ነበር። ሩሯ መሬት ላይ ናት። ሁሉም ወደ ይግዛው ዞረ፣ አለቃ ነውና። ይግዛው የጋቢውን ጫፍ እያየ ከጥለቱ ላይ አንድ ነገር ይለቅማል፣ እሾህ ይሁን ጭራሮ። ደምለው ሰማይ አየ። ጠይብ አፉን ከፈተና ዘጋው፤ ምን ብሎ ይመልስ? እኔ ቆምኩ። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ግጥም ባይሆንም፣ «ተው» ቢል ይበቃኝ ነበር። አንድ የክርስትና አባት ልጄን ታቅፎ ከቤተ ክርስቲያን በር የሚቆምበትን ያህል ጊዜ ጠበቅኩ። ከዚያ ዱላውን ጣልኩና፣ አውልቄ ያኖርኩትን ካፖርቴን ሳላነሳ ሄድኩ። ከኋላዬ አንድ ልጅ «ተቆጣ፣ ተቆጣ» ሲል ሰማሁ፣ እናቱ ይመስለኛል አፉን በእጇ ከደነችው።

ቤት ስገባ አበባ ሁሉን አውቃለች፤ ወሬው በማንጠግቦሽ በኩል ቀድሞኝ ደርሷል፣ እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት። ልጁ ተኝቷል። በለጠች ጥግ ይዛ ታየኛለች። ቁጭ አልኩ። ስለ ክንዴ የማውቀውን ስድብ ሁሉ፣ ግጥም የሌለውን፣ ተሳደብኩ። ስለ ይግዛው ጨመርኩ። ስለ ደባርቅ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ መረብ ኳሱ ልጅ ሳይቀር ጨመርኩ። አበባ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«መጀመሪያ የሰደብከው አንተ ነህ አሉ» አለች።

«በጨዋታ ነው።»

«እሱስ?»

የጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ።

«ውሸት ተናገረ?» አለች አሁንም ቀስ ብላ። ግድግዳውን እያየሁ ጋዜጣውን አነበብኩ፤ ስለ ምርት ዘመቻ ይላል፣ ግማሹ ተቀዷል። «አትመልስልኝ» አለች፣ «እኔ ግን ካንተ ጋር ሁለት ዓመት ሰው ሳንጠይቅ ተቀምጫለሁ። የሰው ለቅሶ ስትሄድ አላየሁህም። ማን ሞተ ስልህ ‹የነሱ ሰው ነው› ትለኛለህ። እነሱም የኛን ልጅ ‹የነሱ ልጅ ነው› ቢሉ ምን ይገርምሃል?» ይህን ከሚስቴ አልጠበቅኩም። እስከዛሬም ቅር ይለኛል፤ ግን ውሸት ነው አልልም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ክንዴ ነው፤ ካፖርቴን ክንዱ ላይ አጥፎ ይዟል። ከኋላው ጠይብ አለ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እንደ ምስክር።

«ካፖርትህን ረስተህ» አለ ክንዴ።

«አልረሳሁም።»

«እንግዲያው ጥለኸው።» አቀበለኝ። አልገባም፣ አልሄደም። «ጨዋታው ቆመ። ሩሯ እዚያው ናት፣ ማንም አላነሳት። እኔ ሃያ ዓመት በገና ስሳደብ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያልተመለሰ ስድብ ከተሰዳቢው ጋር አይሄድም፣ ከተሳዳቢው ጋር ነው የሚያድር። ይዤው ቤቴ ልገባ አልቻልሁም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?»

«አንተማ ምንም። እኔ ነኝ የማደርግ። የተናገርሁት እውነት ሆኖ ከሚቀር ውሸታም ብባል ይሻለኛል። ዓርብ ልጁን አነሳዋለሁ።»

በር ላይ እንደቆምኩ ነኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ እንደዚያ አልሆነም፤ የመጣልኝ ነገር መራራ ነው። «እንግዲህ ስለኔ ብለህ አይደለም» አልኩት፣ «ስለ ራስህ ብለህ ነው።»

«አዎ፣ ስለ ራሴ ነው» አለ ክንዴ። «ስላንተማ በምን አውቄህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሸኝ ነበር። ይኼ ሰው አልዋሸኝም፣ ይህን ሳስብ እጄ በሩን ለቀቀ። ገባ። ጠይብም ገባ። ክንዴ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በአንድ ዓይኑ ጣራውን፣ በአንዱ ግድግዳውን አየ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንደምን ዋልሽ ማንጠግቦሽ» አለ። ወንበሩ ዝም አለ። በለጠች ሳቀች፣ ከዚያ አበባ ሳቀች፤ ሚስቴ ስትስቅ ከወለደች ወዲህ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ደግመን እንነጋገር» አልኩት እኔ። «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለከርሞ አዲአርቃይ ሊያዛውሩኝ ይችላሉ፣ ወይ ጎንደር፣ ወይ ከዚያም ወዲያ። ይግዛው እንዳለው...»

«በቅሎ የለውም አልህ እንጅ እግር የለውም አላልህም» አለ ክንዴ።

አበባ ልጁን ከነፎጣው አንስታ እቅፉ ውስጥ አኖረችው። ኮርቻ ሰፊ እጁ ሻካራ ነው፣ በመርፌ የተበሳሳ፤ ሕፃን የያዘበት አያያዝ ግን ያስቃል፣ ሰም የተቀባ ክር እንዳይበጠስበት የሚጠነቀቅ ይመስላል። ልጁ ነቅቶ አየው፣ አላለቀሰም። ጠይብ ከጎን አጎንብሶ «አፍንጫው የግሬደር ነው፣ ወደ ፊት ይገፋል» አለ። እኔ ልመልስለት ፈልጌ ነበር፣ ግጥም አልመጣልኝም።

አመስግነው የሚለኝን ሁሉ ሰው በዓይኔ ፊት አየሁ፣ አባቴን ጭምር። ምስጋና ከአፌ አልወጣም፤ እንዲህ ነኝ፣ ሌላ መሆን አልችልም። ካፖርቴን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩና ጀርባዬን እንደሰጠሁት «ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቄሱ ሰው አይጠብቁም፣ እንዳትዘገይ» አልኩት።

«ብዘገይ ትሰድበኛለህ» አለ ክንዴ።